ስትራስቡርግ ወይስ ጄኔቫ? የመብት አቤቱታ ከማቅረብዎ በፊት የሚደረግ ምርጫ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአስተርጓሚነት በማገለግልበት የሕግ ድጋፍ ቢሮ አንዲት እናት አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ። ልጃቸውን ፖሊሶች መንገድ ላይ ደብድበውታል፤ ክሱ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ሲንከባለል ቆይቶ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ይግባኙን ከዘጋው ሰባት ወር ሆኖታል። ለምን እንደ ዘገዩ ሲጠየቁ፣ ለአገሩ እንባ ጠባቂ አቤት ብለው መልሱን ሲጠባበቁ እንደ ነበር ተናገሩ። መልሱ ደርሷቸዋል፤ በትሕትና የተጻፈና ሐዘናቸውን የሚጋራ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው እስኪመጣ ድረስ ግን የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የሚሰጠው የአራት ወር ጊዜ አልፎ ነበር። ጠበቃዋ የተናገረችውን ወደ አማርኛ መልሼ «እማማ፣ በይርጋ ታግዷል» ያልኩበት ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም።

እኒያ እናት በቂ ማስረጃ ነበራቸው። የጎደላቸው የትኛው በር መቼ እንደሚዘጋ የሚነግራቸው ሰው ነው። በምዕራቡ ዓለም ለሚኖር ወገን መብቱ ሲጣስ ከአንድ በላይ በር አለው። በሮቹ ግን እኩል አይደሉም፤ አንዱን መክፈት ሌላውን የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው እነዚህን በሮች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ አንድ ግርታ ላጥራ። ስትራስቡርግ ያለው የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የአውሮፓ ኅብረት አካል አይደለም። የ46 አገሮች ማኅበር የሆነው የአውሮፓ ምክር ቤት ፍርድ ቤት ነው፤ ስለዚህ ከኅብረቱ የወጣችው ብሪታንያም፣ ኅብረቱን ያልተቀላቀሉት ስዊዘርላንድና ኖርዌይም ተጠሪ ናቸው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ሉክሰምበርግ ነው፤ ተራ ሰው የመብት ጥሰት ይዞ በቀጥታ አይሄድበትም፣ ጥያቄውን የሚልክለት የአገሩ ዳኛ ነው። ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ በዘር ማጥፋት፣ በጦር ወንጀልና በመሳሰሉት የተጠረጠሩ ግለሰቦችን የሚዳኝ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ አቤቱታ ቦታው አይደለም። ወደ ሁለቱ የተላኩ ፖስታዎች ሲመለሱ ደጋግሜ አይቻለሁ። በተመለሱ ቁጥር የሚባክነው የባለጉዳዩ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው በር የአገሬው ፍርድ ቤት ነው

«የአገሩ ዳኛ ለአገሩ ሰው ያደላል» ብሎ በቀጥታ ወደ ዓለም አቀፍ አካል መዝለል የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ስትራስቡርግም ሆነ ጄኔቫ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የመብት ኮሚቴዎች፣ በአገር ውስጥ ያለውን መፍትሔ አሟጦ ያልተጠቀመን ሰው አይቀበሉም። ከሥርዓቱም ባሻገር፣ እኔ እንደማየው፣ ከሁሉ የበለጠ ጉልበት ያለው ይኸው በር ነው። የአገሩ ዳኛ የመባረር ትእዛዝ ይሽራል፣ ከእስር ይፈታል፣ ሕግ የማፍረስ ሥልጣን ባለበት አገር ሕጉን ራሱ ይጥላል። የስትራስቡርግ ዳኛ የአገር ውስጥ ፍርድ አይሽርም፤ የመኖሪያ ፈቃድም አይሰጥም።

የብሪታንያና የሩዋንዳ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። በሰኔ 2022 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ሊወስድ የተዘጋጀውን የመጀመሪያ አውሮፕላን በመጨረሻዋ ሰዓት ያስቆመው የስትራስቡርግ ጊዜያዊ እግድ ነበር። ዕቅዱን ሕገ ወጥ ነው ብሎ የወሰነው ግን በኅዳር 2023 የራሷ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ። እግዱ ጊዜ ገዛ፣ ፍርዱን አገር ቤት ያለው ችሎት ሰጠ።

የአገር ውስጥ በር ችግሩ ቀጠሮው አጭር መሆኑ ነው። ጀርመን ውስጥ አሠሪ በዘር ምክንያት ካበላለጠዎት በእኩል አያያዝ ሕጉ መሠረት ጥያቄዎን በጽሑፍ ለማቅረብ ያለዎት ሁለት ወር ነው። ፍርድ ቤቶቹ ከጨረሱ በኋላ ካርልስሩህ ለሚገኘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚቀርበው አቤቱታ በአንድ ወር ውስጥ መግባት አለበት፤ ደግነቱ ክፍያ የለውም፣ ለጽሑፍ ማመልከቻውም ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ በ1998ቱ የሰብአዊ መብቶች ሕግ መሠረት የመንግሥት አካልን ለመክሰስ በመርሕ ደረጃ አንድ ዓመት አለ።

እንባ ጠባቂዎች፣ የፈረንሳይ የመብቶች ተከላካይ፣ የስዊድን የመድልዎ እንባ ጠባቂ፣ የኔዘርላንድ የሰብአዊ መብቶች ተቋም፣ ሁሉም ያለ ክፍያ ያገለግላሉ። ይምከሩባቸው፤ ማስረጃ በማሰባሰብና በማግባባት ብዙ ይረዳሉ። ሆኖም ለእነሱ ማመልከት በአጠቃላይ የፍርድ ቤትን ቀጠሮ አያቆምም፤ ስትራስቡርግም እንደ ተሟጠጠ መፍትሔ አይቆጥረውም። የእኒያ እናት ጉዳይ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እንባ ጠባቂው ከክሱ ጎን ለጎን ይሂድ እንጂ ክሱን አይተካ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ቅሬታው ገና በአገሩ ፍርድ ቤት ሳለ በመብትነት መነሣት እንዳለበት ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነትን አንቀጽ በቁጥር መጥቀስ ግዴታ ባይሆንም ፍሬ ነገሩ በወረቀት ላይ መኖር አለበት። «ፖሊሱ ያለ አግባብ አስቆመኝ» ብቻ ተብሎ ከተከራከሩ በኋላ ስትራስቡርግ ሲደርሱ «በቆዳዬ ቀለም ምክንያት ነበር» ማለት ዘግይቷል። ጠበቃዎ ይህን ካልጻፈው ያን ጊዜውኑ እንዲጽፈው ይጠይቁት።

ስትራስቡርግና ጄኔቫ ጎን ለጎን

አገር ውስጥ ያለው መንገድ ሲያልቅ ዋናው ምርጫ ይመጣል። በአንድ በኩል በ1950 ሮም ላይ የተፈረመውን የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት የሚያስከብረው የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት አለ። በሌላ በኩል ጄኔቫ ላይ የሚሰበሰቡት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴዎች አሉ፤ ከእነሱም ውስጥ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን የሚከታተለው 18 አባላት ያሉት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ፣ የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴው፣ የሴቶች፣ የሕፃናት፣ የአካል ጉዳተኞችና የዘር መድልዎ ኮሚቴዎች ይገኙበታል።

ጊዜን በሚመለከት ስትራስቡርግ ጨካኝ ነው። ከየካቲት 2022 ጀምሮ ከመጨረሻው የአገር ውስጥ ውሳኔ በኋላ ያለው ጊዜ ከስድስት ወር ወደ አራት ወር ወርዷል። የመጨረሻው ቀን እሑድ ወይም በዓል ላይ ቢውል እንኳ ወደ ማግስቱ አይተላለፍም። ማመልከቻው በፍርድ ቤቱ ቅጽ ላይ ተሞልቶ፣ በፊርማ፣ በፖስታ ይላካል፤ የሚቆጠረው የፖስታ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ቀን ነው። ቅጹ አንድ ክፍል ከጎደለው አይመረመርም፣ ጊዜውም መቁጠሩን አያቆምም። ጄኔቫ ሰፋ ያለ ነው፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴው በመርሕ ደረጃ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይታገሣል። የዘር መድልዎ ኮሚቴው ግን ስድስት ወር፣ የሕፃናት ኮሚቴው አንድ ዓመት ይላል። አራቱ ወር ያለፈበት ሰው፣ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ከመቁጠሩ በፊት ጄኔቫን ይመልከት። እኒያን እናት የመራናቸው በዚያው በር ነው።

በጉልበት ግን ስትራስቡርግ ይበልጣል። ፍርዱ መንግሥትን ያስገድዳል፤ ካሳ ይቆርጣል፤ አፈጻጸሙንም የአውሮፓ ምክር ቤት የሚኒስትሮች ኮሚቴ ይከታተላል። የጄኔቫው ውሳኔ «አስተያየት» ይባላል፤ መንግሥት በቅን ልቡና ሊያከብረው ይገባል፣ የሚያስፈጽመው ኃይል ግን የለም። ይህ ሲባል ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1981 ኮሚቴው ካናዳ ከማኅበረሰቡ ውጭ ያለ ሰው ስላገባች የነባር ሕዝብ አባልነቷን የተነጠቀችን ሴት መብት ጥሳለች ብሎ ወሰነ፤ በ1985 ካናዳ ሕጓን አሻሻለች። ስፔን ውስጥ ደግሞ አባት በፍርድ ቤት በተፈቀደለት የመጎብኛ ሰዓት ሴት ልጁን ገደለ፤ እናቷ ከዚያ በፊት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ስለ ጥቃቱ አመልክታ ነበር። የሴቶች ኮሚቴው በ2014 ስፔን ጥፋተኛ ናት አለ። መንግሥት ዝም ቢልም እናቲቱ ውሳኔውን ይዛ ወደ አገሯ ፍርድ ቤት ተመለሰች፤ በ2018 የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሚቴው ውሳኔ ያስገድዳል ብሎ 600,000 ዩሮ ካሳ ፈረደላት። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የዚያች እናት ጽናት ይገርመኛል። የጄኔቫ ወረቀት ፍሬ የሚያፈራው ተመልሶ ወደ አገር ውስጥ ሲገባ ነው።

ለአመልካቹ ደግሞ የሚከብደው የማጣሪያው ጥብቀት ነው። ስትራስቡርግ ከሚደርሱት ማመልከቻዎች እጅግ የሚበዙት ገና በቅበላ ደረጃ ውድቅ ይሆናሉ፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዳኛ፣ ይግባኝ በሌለው ውሳኔ። ማመልከቻው ክፍያ የለውም፣ መጀመሪያ ላይ ጠበቃም ግዴታ አይደለም፣ ከአባል አገሮቹ በአንዱ የሥራ ቋንቋ ይጻፋል። አማርኛ በአንዱም አያገለግልም፤ ጄኔቫም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ ወይም በሩሲያኛ ይቀበላል። ጠበቃ ግዴታ ባይሆንም ያለ ጠበቃ እንዳይሞክሩት እመክራለሁ።

አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ

ሁለቱ አካላት ስለ አንድ ነገር የተለያየ መልስ መስጠታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ፈረንሳይ ላይ ነው። አንድ የሲክ እምነት ተከታይ አዛውንት ለመንጃ ፈቃድ ፎቶግራፍ ጥምጥማቸውን አውልቁ ተብለው ስትራስቡርግ ሄዱ፤ በ2008 አቤቱታቸው ተቀባይነት አጣ። እኒሁ ሰው ለፓስፖርት ፎቶግራፍ ያው ጥያቄ ሲመጣባቸው ጄኔቫን መረጡ፤ በ2013 የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴው የእምነት ነጻነታቸው ተጥሷል አለ። የፊት መሸፈኛን የሚከለክለውን የ2010 ሕግ በተመለከተም ስትራስቡርግ በ2014 «አብሮ መኖር» የሚለውን የመንግሥት መከራከሪያ ተቀብሎ ጥሰት የለም ሲል፣ ጄኔቫ በ2018 በሁለት ሴቶች ጉዳይ ጥሰት አለ አለ።

ስትራስቡርግ በእምነት አለባበስ ጉዳይ ለመንግሥታት ሰፊ ሜዳ ይተዋል፤ ጄኔቫ ምክንያታቸውን አጥብቆ ይመረምራል። ነጠላዋን ወይም ሻሿን አውልቂ የተባለች ኦርቶዶክሳዊት፣ ሒጃብ የከለከሏት ሙስሊም እህት ይህን ልዩነት ማወቅ አለባት። የፈረንሳዩ ሕግ ግን ከኮሚቴው ውሳኔ በኋላም በቦታው ነው። በጄኔቫ ማሸነፍ መርሕን ማሸነፍ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብና አፈጻጸም የሚፈልግ ሰው ይህን ቆም ብሎ ይመዝን።

እዚህ ላይ የአባቶቻችን ምክር አሳስቶናል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ትንጠለጠላለህ» እንላለን። በዚህ ሕግ ግን ሁለት ባላ የተከለ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። ለሌላ ዓለም አቀፍ አካል የቀረበን ያንኑ ጉዳይ ስትራስቡርግ አይቀበልም። የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴውም ሌላ ቦታ የታየን ወይም እየታየ ያለን ጉዳይ አይነካም። የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴው በራሱ ሰነድ የሚከለክለው በመታየት ላይ ያለውን ብቻ ቢሆንም፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስፔን፣ ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ «ሌላ ቦታ የታየ ጉዳይ አይታይብን» የሚል ተዓቅቦ አስመዝግበዋል። ስትራስቡርግ ያለ በቂ ምክንያት በአንድ ዳኛ የጣለውን ጉዳይ ኮሚቴው «አልታየም» ብሎ የተቀበለበት ጊዜ አለ። በዚህ ቀጭን ክር ላይ ግን ሕይወትዎን አይንጠልጥሉ። ከመላክዎ በፊት አንዱን ይምረጡ።

የመባረር ትእዛዝ ሲመጣ

ለወገኖቻችን ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቆየት ብዬ ልጻፍበት። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆኖ የመመለሻ ቀን የተቆረጠበት ሰው ቀናት ብቻ ነው ያሉት። ስትራስቡርግ በደንቡ ቁጥር 39 መሠረት ጊዜያዊ እግድ ይሰጣል፤ እግዱ አስገዳጅ መሆኑን ፍርድ ቤቱ በ2005 አጽንቷል። ለዚህ ጥያቄ ልዩ የኢንተርኔት ገጽ አለ። ለቀጠሮው አውሮፕላን ጥቂት ሰዓት ሲቀር ሳይሆን ውሳኔው በእጅ እንደ ገባ ይጠየቅ። የጄኔቫ ኮሚቴዎችም እግድ ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ መንግሥታት ያከብሩታል፣ ሆኖም እንደ ስትራስቡርጉ የተጠና የማስገደጃ ሥርዓት የለውም።

በስፋታቸውም ይለያያሉ። የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴው የሚመለከተው በመንግሥት ሰዎች ወይም በእነሱ ፈቃድና ዝምታ የሚፈጸም ማሰቃየትን ነው። የስትራስቡርግ ሦስተኛ አንቀጽ ግን ኢሰብአዊና አዋራጅ አያያዝንም፣ መንግሥት ሊከላከለው የማይችለውን የግለሰቦች ጥቃትንም ያካትታል። ስለዚህ የሚፈራው ከቤተሰብ፣ ከጎሣ ወይም ከደላላ የሚመጣ ጥቃት ከሆነ የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴው ጠባብ ነው። የሚፈራው ወኅኒና መርማሪ ከሆነ ደግሞ ኮሚቴው በዚሁ ጉዳይ ላይ ብቻ የተሠማራ አካል ነው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ጥገኝነት በጠየቁ ሁለት ኤርትራውያን ላይ የደረሰውን ማየት ይጠቅማል። በሰኔ 2017 ስትራስቡርግ ታሪኩ ተዓማኒ አይደለም ብሎ የመጀመሪያውን መመለስ ስምምነቱን አይጥስም አለ። በታኅሣሥ 2018 የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴው ሁለተኛውን መመለስ የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱን ይጥሳል አለ፤ የስዊዝ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በአንድ ዳኛ፣ በአጭር መንገድ ማየቱንም ነቀፈ። ሰዎቹም ማስረጃቸውም የተለያየ ስለሆነ «ኮሚቴው ይሻላል» ብሎ መደምደም አይቻልም። እኔ የማየው የምርመራ ጥራት ጉድለት በግልጽ የሚታይበት ጉዳይ በጄኔቫ ጆሮ እንደሚያገኝ ነው። ስትራስቡርግ ላይ «ችሎቱ ፍትሐዊ አልነበረም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አይሠራም፤ የፍትሐዊ ችሎት አንቀጽ ለስደት ጉዳዮች እንደማያገለግል ፍርድ ቤቱ በ2000 ወስኗል።

ስትራስቡርግ ግን ለባሕር ተሰዳጆች ትልቅ ታሪክ ሠርቷል። በግንቦት 2009 የጣሊያን መርከቦች ከላምፔዱዛ ደቡብ ያገኟቸውን ስደተኞች ሳይጠይቁ ትሪፖሊ መለሷቸው። 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ከሰሱ። በየካቲት 2012 ታላቁ ችሎት አገር የራሷን ባንዲራ በሰቀለ መርከብ ላይ ያለን ሰው በጅምላ መመለስ አትችልም ብሎ ለአብዛኞቹ አመልካቾች ለእያንዳንዳቸው 15,000 ዩሮ ፈረደ።

ማስረጃን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የድብደባና የግርፋት ምልክት ያለበት ሰው በኢስታንቡል ፕሮቶኮል (የማሰቃየት ምልክት እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚመዘገብ በሚደነግገው ዓለም አቀፍ መመሪያ) መሠረት የሚመረምር ሐኪም ዘንድ ገና በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ጊዜ ይሂድ። ይግባኙ ካለቀ በኋላ የሚመጣ የሐኪም ወረቀት ሁልጊዜ በጥርጣሬ ይታያል።

በቆዳ ቀለም ስንፈተሽ

በባቡር ጣቢያ ከመቶ መንገደኛ መካከል ተለይቶ መታወቂያ መጠየቅ ብዙዎቻችን የምናውቀው ውርደት ነው። ጄኔቫ በዚህ ረገድ ቀድሟል፤ በ1992 ቫላዶሊድ ጣቢያ በቆዳዋ ቀለም ብቻ ለተጠየቀች ስፔናዊት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴው በ2009 ፈረደላት። ስትራስቡርግ በ2022 ጀርመን እንዲህ ያለውን ቅሬታ ባለመመርመሯ ጥፋተኛ ናት ሲል፣ በዚያው ቀን በስፔን ላይ የቀረበ ሌላ ክስን ጣለ። በየካቲት 2024 ደግሞ ዙሪክ ጣቢያ ላይ ተይዞ መታወቂያ አላሳይም በማለቱ 100 ፍራንክ ለተቀጣ ጥቁር ስዊዘርላንዳዊ ፈረደለት። መንገዱ አሁን ተጠርጓልና አራቱ ወር ካላለፈ ስትራስቡርግን እመርጣለሁ። የስትራስቡርግ የመድልዎ አንቀጽ ግን ብቻውን አይቆምም፤ ከሌላ መብት ጋር፣ ለምሳሌ ከግል ሕይወት መከበር ጋር፣ መያያዝ አለበት። ይህን የሚያሰፋውን የስምምነቱን ተጨማሪ ሰነድ፣ 12ኛውን ፕሮቶኮል፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ስዊድን አላጸደቁም፤ ኔዘርላንድ አጽድቃለች።

የሚኖሩበት አገር ምርጫውን ሲያጠብ

ብሪታንያ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚቴውም ሆነ ለፀረ ማሰቃየት ኮሚቴው የግለሰብ አቤቱታ አልፈቀደችም፤ የሴቶችና የአካል ጉዳተኞች ኮሚቴዎችን ግን ተቀብላለች። ስዊዘርላንድ የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴውን አልተቀበለችም፣ የፀረ ማሰቃየቱን ተቀብላለች። ካናዳና አውስትራሊያ ሁለቱንም ስለ ተቀበሉ፣ ስትራስቡርግ በሌለበት በዚያ ጄኔቫ ዋናው በር ነው።

አሜሪካ ከሁሉ ጠባቧ ናት፤ ለአንዱም ኮሚቴ አልፈቀደችም። ያለው ዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ያመለክታሉ፣ የሚሰጠውም ምክረ ሐሳብ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ፖሊስ የእግድ ትእዛዝ ባለማስከበሩ ሦስት ሴት ልጆቿን ያጣች እናት በ2005 በአገሯ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸነፈች፤ በ2011 ኮሚሽኑ እውነቷን ነው አላት። ለቨርጂኒያና ለሜሪላንድ ወገኖቼ የምመክረው ግን አገር ውስጥ ያለውን እንዲያጠብቁ ነው፤ ባለሥልጣን መብት ሲጥስ የ1871ዱ የፌዴራል ሕግ አለ፣ የሥራ ቦታ መድልዎ ደግሞ በ180 ወይም እንደ ግዛቱ በ300 ቀናት ውስጥ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ይቀርባል።

የመጨረሻው ውሳኔ በፖስታ ሲደርስዎት ደብዳቤውን አውጥተው ፖስታውን አይጣሉት። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን ያንብቡ፣ የተቀበሉበትን ቀን በእጅዎ ይጻፉበት፣ አራቱን ወር በቀን መቁጠሪያ ላይ ቆጥረው ከመጨረሻው ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ ያለውን ዕለት ይክበቡት። ጠበቃ ዘንድ የሚሄዱት ከዚያ ዕለት በፊት ነው፤ ፖስታውንም ይዘው።